የክቡር ጆሮ ግራና ቀኝ

በየቤተሰቡ አንድ ጆሮ አለ። ዓይን የሆነ ዘመድ አለ፣ የጎረቤትን አዲስ መጋረጃ ከሁሉ ቀድሞ የሚያይ፤ አፍ የሆነችም አትጠፋም። ጆሮ ግን አንድ ብቻ ነው። ጆሮ ማለት እናንተ ዜና ስትሰሙ ዜናውን ትቶ የሬዲዮኑን ድምፅ የሚሰማ ሰው ነው። ሠርግ ቤት ሲገባ ሙሽሮቹን ከማየቱ በፊት ድምፅ ማጉያው የተሰቀለበትን ማዕዘን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። አዲስ ስልክ ገዝታችሁ ብታሳዩት ጀርባውን በጣቱ አንኳኩቶ «ባዶ ነው» ብሎ ይመልስላችኋል። እናንተም ቤት አለ። ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ ቤት ጆሮ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትላቸዋለች። እኔ በፊታቸው «ጋሼ» እላለሁ፤ በሌሉበት ግን ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠራቸው «ክቡር ጆሮ» እያለ ነው። ይህን ማዕረግ እስካሁን ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ወዶ አይደለም።

ሥራቸው ሊፍት ጥገና ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የረጃጅም ሕንፃዎችን ሊፍት ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ከመፍቻ በፊት የሚያወጡትም ጆሯቸውን ነው። እኔ የምሠራው አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ እውላለሁ። አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው አብረን ስንወጣ፣ ክቡርነታቸው ሊፍቱ ውስጥ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አብራን የተሳፈረች ሴትዮ ያመማቸው መስሏት ውኃ ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች።

«የግራው ሐዲድ ደርቋል። ቅባት ይፈልጋል» አሉ።

እኔም በሩን እያየሁ ቆሜ ስለነበር ወደ ግራዬ ዞር አልኩ።

«እሱ ቀኝ ነው» አሉኝ በትዕግሥት። «የሊፍት ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ከውጭ፣ በሩ ፊት ለፊት ቆመህ ነው። ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ነው። ተሳፋሪ ግራና ቀኝ የለውም።»

በማግስቱ የሕንፃው ጠባቂ የግራው ሐዲድ እውነትም ደርቆ መገኘቱን ነገረኝ። ክቡር ጆሮ የሚያናድዱት ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ባሉበት ቤተሰብ ውስጥ ማዳመጫ ልገዛ ነው ብሎ መናገር እብደት ነው። እኔም አልተናገርኩም። የተናገረችው ሚስቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ለትምህርት ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ እኔና እሷ የምንገናኘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ ጌም ውስጥ ነው። ስልክ ስንደውልላት «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ» ብላ ትዘጋለች። ጌም ውስጥ ግን የፈረሰ ፋብሪካ ግድግዳ ሥር ተደብቀን ጠላት ስንጠብቅ፣ ስለ አስተማሪዋ ታወራኛለች፤ ስለ ክፍል ጓደኛዋ ማንኮራፋት ታወራኛለች፤ አንዳንዴም ስላስለቀሳት ነገር። ሰው ልጁን በስንት መንገድ ያገኛል፤ እኔ በውሸት ጠመንጃ አገኘኋት። ዘንድሮ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሚጫወቱበት ውድድር ገባን። አሥር ጥንዶች ነን፤ ዘጠኝ ቅዳሜ እንጫወታለን፤ በመጨረሻ ከታች ያሉት ሁለቱ ይሰናበታሉ።

ችግሩ የኔ ጆሮ ላይ ነበር። በዚያ ጌም ጠላት ከመታየቱ በፊት ኮቴው ይሰማል፤ ከስልክ ጋር በመጣችው ሚጢጢ ማዳመጫዬ ግን ሁሉም ኮቴ የሚመጣው ከአናቴ መሐል ነው። በዚያ ላይ ከወጣትነቴ ጀምሮ የማልተወው የሮክ ሙዚቃ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሞረድ ሲጥሲጥታ የሰማ ሰው ማታ የሚያጥበው ጊታር ይፈልጋል።

«አባዬ፣ ኮቴ ካልሰማህ እኮ አለቀልን» አለችኝ ልጄ። «የክፍል ጓደኛዬ ቦታህን እየለመነችኝ ነው። እኔ አልሰጣትም። ግን አንተም እርዳኝ።»

ሳቋ ነበረበት፤ እኔ ግን ያን ቀን ራት አልበላልኝም። ቦታዬን ባጣ ቅዳሜ ከሰዓት «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ» ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ሚስቴ ይህንኑ ለወንድሟ በስልክ ነገረች። ክቡር ጆሮም፣ ሳይጠሯቸው አቤት ሳይልኳቸው ወዴት፣ ስልኩ ከተዘጋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በራችን ላይ ቆሙ። ተቀምጠው እንደ ሐኪም ይመረምሩኝ ጀመር።

«ለጌም ነው ለሮክ?»

«ለሁለቱም ነው፣ ጋሼ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ሁለት ትዳር በአንድ ቤት ነው የጠየቅከኝ። ለጌም ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ ነው የሚፈለገው፤ ድምፁ እንደ ሜዳ ይሰፋል፣ ኮቴው በየት እንደመጣ ትለያለህ። ለሮክ ደግሞ የተዘጋ ነው። ከበሮው ደረትህን ካልመታህ ምኑን ሮክ ሆነ? አምፕሊፋየርስ አስበሃል?»

«ያስፈልጋል እንዴ?»

እህታቸውን ዞር ብለው አዩዋት፤ ይህን ሰው እንዴት አገባሽው የሚል አስተያየት ነበር። «አምፕሊፋየር ለማስጮህ አይደለም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማስጮህማ ማንም ያስጮሃል። ማዳመጫውን ለመግፋት ነው። ደካማ ሞተርም የሊፍቱን ካቢን ያነሣዋል፤ ግን እያንቀጠቀጠ ነው የሚያነሣው። አንተ እስካሁን ስትንቀጠቀጥ ነው የኖርከው።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት የሱቅ ለሱቅ ዘመቻ ሆነ። ዘመቻው ደንብ ነበረው። ሱቅ ከመግባታችን በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዳላወራ፣ ሙዚቃ እንዳልሰማ፣ ብስኩት እንኳ እንዳላኝክ ታዘዝኩ። «ጆሮህ ይረፍ» ይላሉ። ሱቅ ስንገባ ደግሞ የማረፉ ተራ የሌላው ነው። ሻጯን ቬንቲሌተሩን አስጠፏት። ቀጥለው ግድግዳውን ሰምተው የጎረቤት ሱቅ ማቀዝቀዣም ለአምስት ደቂቃ እንዲነቀል ጠየቁ። ልጅቷ ፊቷን ሳታጠቁር «ጋሼ፣ የመንገዱንም መኪና ላስቁምልዎት?» አለቻቸው።

«የሚቻል ከሆነ» አሉ።

ለመመርመሪያ የያዙት አንድ የሮክ ዘፈን ነበር፤ ከእሱም የሚሰማው አርባ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከበሮው ገብቶ እስኪወጣ። አርባ ሰከንዷን አንድ ከሰዓት ውስጥ በዘጠኝ ማዳመጫ አሰሙኝ። «ይኼ ጥሩ ነው» ባልኩ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ «አትቸኩል። ጆሮህ ገና አልነቃም።» ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ደክሞኝ «ጋሼ፣ ይኼስ ይበቃኛል» አልኩ። ፊታቸው በራ። «አሁን ነቃ» አሉ። ሻጯ ስታሽገው እንደነገረችኝ፣ ዘጠነኛው መጀመሪያ አድርጌ ጥሩ ነው ያልኩት ያው ማዳመጫ ነበር።

ጀርባው ክፍት፣ ትልልቅ ጆሮ ያለው ጥቁር ማዳመጫ ነው፤ ግራና ቀኙ በጎንና ጎኑ በጉልህ ነጭ ፊደል ተጽፎበታል። ከበሮውን ይገፋልናል ተብሎ መጽሐፍ የሚያህል፣ አንድ ትልቅ መዘውር ያለው አምፕሊፋየር ተጨመረ። አበቃ ስል ለካ ገና ነው። አዲስ ማዳመጫ እንደ አዲስ ድስት መሟሸት አለበት ተባለ። በፎጣ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባና ለአራት ቀንና ሌሊት ሮክ ተለቀቀበት። ሚስቴ ሻርፕ ልታወጣ በከፈተች ቁጥር ከበሮ እየወጣባት፣ በሦስተኛው ቀን ያለ ሻርፕ ሥራ ሄደች።

ቀጥሎ ተረኛው ገመዱ ሆነ። «ይኼ የጫማ ክር ነው እንጂ ገመድ አይደለም» ብለው ከእጃቸው የማይጠፋ ምርጥ መዳብ አመጡ። ሶኬት ድምፅ ይበላል የሚል እምነት ስላላቸው አዲሱን ገመድ ማዳመጫው ሆድ ውስጥ በቀጥታ ሊበይዱት ወሰኑ። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ጋዜጣ አነጠፉ፤ የውኃ ማንቆርቆሪያ ገልብጠው ማዳመጫውን አጠለቁለት፤ የማንቆርቆሪያውንም አፍንጫ ወደ ራሳቸው አዙረው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና መበየጃውን አሞቁ። እየበየዱም ያንጎራጉሩ ነበር።

ሚስቴ እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተችኝ። «ሰማኸው? እያንጎራጎረ ነው» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ሊፍት አስገብቷል፤ ብልሽቱን ራሱ ለኮምፒውተር የሚናገር። ወንድም ጋሼን ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጡት፤ ብሎን ሲያቀብል ይውላል። ለማንም አልተናገረም። ስንት ጊዜ እዚህ መጥቶ ግድግዳ አይቶ ሄደ መሰለህ። ያንተ ማዳመጫ ነው ያስነሣው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሰውየው ስቄ ነበር። በሳቄ አፈርኩ። ገብቼ ለመበየጃው ጭስ መስኮት ከፈትኩላቸው።

ሥራው እንዳለቀ ማዳመጫውን አጠለቁልኝና ለሠላሳ ዓመት የሰማሁትን፣ የምወደውን የሮክ ዘፈን ከፈቱልኝ። እውነት ለመናገር ድምፁ ድንቅ ነበር። ከበሮው ደረቴን መታኝ።

«ምን ተሰማህ?»

«ደስ ይላል። ብቻ... ጊታሩ ቦታ የቀየረ መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«አየህ» አሉ በድል። «እስከ ዛሬ እውነተኛ ቦታውን አታውቀውም ነበር። ጆሮ አይዋሽም።»

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች በተከታታይ ተሸነፍን። ኮቴው እንደ ውኃ ጠርቶ ይሰማኛል፤ በቀኝ ሰምቼ ወደ ቀኝ ስዞር በግራ እመታለሁ። ክቡርነታቸው በየሳምንቱ ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ድምፁ እንዴት እየተሟሸ እንደሆነ ለመከታተል፣ ዓይናቸውን ከማዳመጫው ላይ አያነሱም። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን «አባዬ፣ ግራ እያልኩህ ለምን ቀኝ ትዞራለህ? ደህና ነህ ግን?» አለችኝ። ያቺ «ደህና ነህ ግን» ሽማግሌ የሚጠየቃት ዓይነት ነበረች።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ያንን ዘፈን ብቻዬን ከፈትኩ። ለሠላሳ ዓመት በግራ ጆሮዬ ሲያለቅስ የኖረው ጊታር በቀኝ ያለቅሳል። ማዳመጫውን ገልብጬ አጠለቅሁት፤ ጊታሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያኔ ማንቆርቆሪያው ትዝ አለኝ። አፍንጫውን ወደ ራሳቸው አዙረውት ነበር። ክቡር ጆሮ ማዳመጫውን እንደ ሊፍት ከውጭ፣ በሩ ላይ ቆመው ነው ግራና ቀኙን የቆጠሩት። እኔ ውስጥ ያለሁት ደግሞ ተሳፋሪ ነኝ።

ስልኬን አንሥቼ ቁጥራቸውን ፈለግሁ። ምን ልላቸው ነው? ሠላሳ ዓመት ያመኑበት ጆሮ አያስፈልግም ተብለው ዕቃ ግምጃ ቤት የተቀመጡ ሰው ናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስልኩን አስቀመጥኩት፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ገልብጬ እንዳላጠልቅ ነጩ ፊደል ያሳጣኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላዬ ናቸው። የቀረኝ ጭንቅላቴን መገልበጥ ነበር።

ስለዚህ ከሥራ መልስ በየቀኑ ልምምድ ጀመርኩ፤ በቀኝ ከሰማሁ ወደ ግራ፣ በግራ ከሰማሁ ወደ ቀኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመድኩት፤ እንዲያውም አብዝቼ ለመድኩት። መንገድ ላይ በግራዬ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ወደ ቀኝ ዘልዬ ከፍራፍሬ ሻጭ ጋሪ ጋር ተቃቀፍኩ። ሚስቴ በግራህ ያለውን ጨው አቀብለኝ ስትለኝ በቀኜ ያለውን ስኳር ሰጠኋት። በጌሙ ግን ተነሣን። በቀሩት ሳምንታት ሁለቴ ብቻ ተሸንፈን ሦስቴ አሸነፍን፤ ዘጠነኛውን ካሸነፍን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን እንሰናበታለን።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሚስቴ «ወንድም ጋሼ መጥቶ ነበር፣ ማዳመጫህን ላጽዳለት ብሎ» አለችኝ። እኔም ጽዳት መስሎኝ አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጨዋታው ሦስት ዙር ነው፤ ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። የመጀመሪያው እንደተጀመረ በቀኝ ኮቴ ሰማሁ። በሠለጠንኩት መሠረት እንደ መብረቅ ወደ ግራ ዞርኩ፤ በቀኝ ተመታሁ። ተነሥቼ በግራ ሰማሁ፣ ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ከጀርባ ተመታሁ። ዙሩ አለቀ።

«አባዬ!» አለች ልጄ። «ቀኝ ነው እያልኩህ ለምን ወደ ግራ ዞርክ? ባለፈው ሳምንት እኮ ልክ ነበርክ።»

ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ አንድ ጠባይ አለው፤ የተነገራችሁን ሁሉ አጠገባችሁ ላለው ሰው ያሰማል። ዞር ስል ክቡር ጆሮ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ቆመዋል። እኔ በዚያች ደቂቃ ሐሙስ ዕለት ምን እንዳጸዱ ገባኝ። እሳቸውም እኔ እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንደተጫወትኩ እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ስህተታቸውን በድብቅ አርመውልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስህተታቸውን በድብቅ ተምሬላቸው ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አሉኝ በዝግታ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው፤ ልጄ «አባዬ፣ አባዬ» ትላለች። ጭንቅላቴን መልሶ ለመገልበጥ ደግሞ ሁለት ሳምንት የለኝም። ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አወለቅሁና ዓይናቸው እያየ፣ «ግራ» የሚለውን ነጭ ፊደል ቀኝ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መልሼ አጠለቅሁት። ከጆሮዬ ኋላ ትንሽ ቆረቆረኝ። ክቡር ጆሮ ስለ ድምፅ ጉዳይ ሳይናገሩ ሲያልፉ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አላነሱትም።

ሁለተኛውን ወሰድን። ሦስተኛውንም በመጨረሻዋ ደቂቃ ወሰድን፤ በቀኝ የሰማሁትን ወደ ግራ ዞሬ። ልጄ ወዲያው አልወጣችም። ፋብሪካው ግድግዳ ሥር ቁጭ እንዳለች «የክፍል ጓደኛዬ ሌላ አባት ትፈልግ» አለች። ቀጥላም ሳምንቱን ሙሉ ስላስጨነቃት ፈተና አወራችኝ፤ ከኋላዬ ያሉት አጎቷም አብረው ሰሙ፤ ጀርባው ክፍት ነው።

ይኸው እስከ ዛሬ ገልብጬ ነው የማጠልቀው። ክቡር ጆሮ አሁንም ብሎን ያቀብላሉ፤ ቅዳሜ ግን አይቀሩም። አምፕሊፋየሩ አዲስ እግር ያስፈልገዋል ብለው ከሰሞኑ አራት ጎማ ለጥፈውበታል፤ ድምፁ እንደማይለወጥ ባውቅም ተለውጧል ብያቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ባይመጡ ከኋላዬ ያለው ባዶ ወንበር ጨዋታውን እንደሚያበላሽብኝ አውቃለሁ፤ ይህን ግን ለእሳቸው አልነገርኩም።

ያን ያሸነፍንበት ቀን ግን ልሸኛቸው በሩ ድረስ ወጣሁ፤ ማዳመጫውን ማውለቅ ረስቼ ገመዱ ከኋላዬ ይጎተታል። ደፉ ላይ ቆመው ዞሩና ፊት ለፊት አዩኝ። ነጮቹን ፊደላት አንድ ባንድ አነበቡ።

«ግራና ቀኙ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ከውጭ ቆሞ ለሚያየው ልክ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።